የተማሪው ማደሪያና የሳንባ ነቀርሳ

በምሠራበት ጤና ጣቢያ አንድ ተማሪ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) እንዳለበት ሲታወቅ፣ ወላጁም መምህሩም አስቀድመው የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ክፍል ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚቀመጠው?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት ማወቅ የምፈልገው ልጁ የት እንደሚያድር፣ ከስንት ሰው ጋር እንደሚተኛና የሚያድርበት ክፍል የሚከፈት መስኮት ያለው መሆን አለመሆኑን ነው። በምሥራቅ ጎጃም በምትገኝ አንዲት የወረዳ ከተማ በቲቢ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። በሽታው በተማሪዎች መካከል የሚዘዋወርበትን መንገድ ስከታተል፣ ዋናው ቦታ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ፣ በኪራይ ክፍሎችና በአብነት ተማሪዎች ጎጆዎች ውስጥ እንደሆነ እያመንኩ መጥቻለሁ።

የበሽታው ተህዋሲ ከሰው ወደ ሰው የሚሸጋገረው በአየር ነው። የሳንባ ቲቢ የያዘው ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲዘምር ወይም ጮክ ብሎ ሲናገር ለዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጠብታዎች ከትንፋሹ ጋር ይወጣሉ፤ ጠብታዎቹ ደርቀው እጅግ ስለሚቀሉ አየር በማይዘዋወርበት ቤት ውስጥ ለሰዓታት ተንሳፍፈው ይቆያሉ። ንፋስ ሲገባ ግን ይበተናሉ፤ የፀሐይ ብርሃንም ተህዋሲውን ይገድለዋል። ከአንድ ትሪ መብላት፣ መጨባበጥ ወይም ጋቢ መዋዋስ በሽታውን አያስተላልፍም። እንግዲህ አደጋውን በዋናነት የሚወስነው የአየሩ መታፈንና በታፈነው አየር ውስጥ አብሮ የመቆያው ጊዜ ርዝመት ነው። በፈረቃ የሚማር ልጅ በቀን አራት ወይም አምስት ሰዓት ያህል ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ክፍሉ ቢጨናነቅም ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ በሁለት በኩል መስኮት አለው፤ መስታወቱ ከተሰበረ ደግሞ (ርእሰ መምህሩን ቢያሳስበውም ለሳንባ ግን ጥሩ ነው) ነፋሱ ቀኑን ሙሉ ሲገባና ሲወጣ ይውላል። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ ግን ሌላ ነው፤ አሥር ሰዓት ሙሉ በራቸውን ዘግተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የሚተኙ ልጆች አንዱ የተነፈሰውን ሌላው እየተነፈሰ ያድራል።

ጎጃምን የማያውቅ አንባቢ እነዚህ ልጆች ለምን ከወላጆቻቸው ቤት እንደማያድሩ ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአብዛኛው የሚገኘው በወረዳ ከተማና በአንዳንድ ትልልቅ ቀበሌዎች ስለሆነ፣ የገጠር ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ቤት ተከራይቶ መማር ግድ ይሆንበታል። መስከረም ላይ አባት ወይም ታላቅ ወንድም ከልጁ ጋር መጥቶ በከተማው ዳርቻ አንዲት ክፍል ይፈልጋል፤ ኪራዩ እንዲቀልም ከአንድ አገር የመጡ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ልጆች ይዳበላሉ። ክፍሏ ብዙውን ጊዜ ከአከራዩ ቤት ጀርባ በባሕር ዛፍና በጭቃ የተሠራች፣ ቆርቆሮ የለበሰች ናት። መስኮት ቢኖራትም ከጣውላ የተሠራና ትንሽ ነው፤ ሌባ እንዳይገባ ተቸንክሮ፣ ብርድ እንዳይገባ ደግሞ ማዳበሪያ ተወትፎበት ነው የማገኘው። ልጆቹ እዚያው ያበስላሉ፣ እዚያው ያጠናሉ፣ እዚያው ይተኛሉ። የማገዶው ጭስ ራሱ ስለሚያስላቸው፣ አንዱ ለሳምንታት ሲያስል ቢከርም ጓደኞቹ ከጭሱ ነው ብለው ያልፉታል።

መስኮቱ ለምን እንደሚዘጋ ለመረዳት የአገሩን ብርድ ማወቅ ያስፈልጋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጮቄ ተራራ ሥር ያሉት ወረዳዎች ደግሞ ከእርሷ የባሰ ውርጭ አለባቸው። በአንድ ብርድ ልብስ ሁለት ሆነው የሚተኙ ልጆችን «መስኮት ከፍታችሁ እደሩ» ብሎ መምከር ቀላል አይደለም። ከብርዱ በተጨማሪ እምነቱም አለ፤ በእኛ ዘንድ ደረትን የሚያሳምመው፣ ሳል የሚያመጣው፣ ጎን የሚወጋው ሁሉ «ብርድ» ነው። ከደጀን ባሕር ዳር በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ይህንን ያውቀዋል፤ መስኮት የከፈተን ተሳፋሪ ከፊትም ከኋላም «ዝጋው እንጂ!» እያሉ ይቆጡታል፣ ከተቆጪዎቹ መካከል የሚያስል ሰው ቢኖርም ማንም ልብ አይለውም። እኔ ልጆቹን የምመክራቸው ሌሊቱን ሙሉ እንዲከፍቱ ሳይሆን፣ ከተቻለ ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት በማዳበሪያና በጭቃ ሙሉ በሙሉ እንዳይደፍኑት፣ ጠዋት ሲነሡም በሩንና መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው ምንጣፉንና ብርድ ልብሱን ፀሐይ ላይ እንዲያሰጡ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያስል ጓደኛቸውን ቶሎ እንዲያመጡልኝ አጥብቄ እነግራቸዋለሁ፤ ምክንያቱም ካልታወቀ ሕመምተኛ ጋር እያደሩ መስኮት መክፈት ብቻውን በቂ አይሆንም።

ዕድሜያቸውም የራሱ ድርሻ አለው። ተህዋሲው ወደ ሰውነቱ የገባ ሰው ሁሉ አይታመምም፤ ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ተህዋሲውን በሰውነቱ ይዞ እንደሚኖር ይገመታል፣ ከእነዚህም መካከል በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ናቸው። የመታመሙ ዕድል ጎልቶ የሚታየው ተህዋሲው ከገባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ባለው ዕድሜ ዝቅ ብሎ የቆየው የመታመም ዕድል በጉርምስና ወራት እንደገና ከፍ ይላል፣ በሽታውም እንደ አዋቂዎቹ ሳንባን የሚያቆስልና ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፍ ዓይነት ይሆናል። በሕፃንነታቸው ክንዳቸው ላይ የተወጉት የቢሲጂ ክትባት ሕፃናትን ከከባድ የቲቢ ዓይነቶች፣ በተለይም ከአንጎል ሽፋን ቲቢ፣ የሚጠብቅ ቢሆንም በዚህ ዕድሜ ለሚመጣው የሳንባ ቲቢ አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። «ተከትቤአለሁ፣ ጠባሳው ይኸው» እያለ እጅጌውን ሰብስቦ የሚያሳየኝ ተማሪ ብዙ ነው።

በዚህ ላይ የምግቡ ነገር አለ። ልጁ እሑድ ማታ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ስንቅ እንጀራ፣ በሶ፣ ድርቆሽና በርበሬ ነው፤ ሐሙስ ሲደርስ እንጀራው ሻግቶ ወይም አልቆ በሶ በጥብጦ መዋል ይጀምራል። የምግብ እጥረት በዓለም ዙሪያ ሰዎችን ለቲቢ ከሚያጋልጡ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ እንደሆነ የተረጋገጠ ነው። በእህል አምራችነቱ በሚታወቀው በጎጃም፣ ጎተራው ሙሉ የሆነ ገበሬ ልጁን ከተማ ልኮ በሳምንቱ መጨረሻ በባዶ ሆዱ እንዲማር ማድረጉ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ እጥረቱ የእህል ሳይሆን የማመላለሻና የማብሰያ ጊዜ እጥረት ነው።

ስለ ተማሪ ሲወራ የአብነት ተማሪዎችን መርሳት ልማድ ሆኗል፤ በጎጃም ግን ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት የታወቁ ቦታዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ሌላ በየደብሩና በየገዳሙ ብዙ ጉባኤ ቤት አለ። ስማቸውን ማንሣቴ በሽታው በእነርሱ ዘንድ ይብሳል ለማለት ሳይሆን የተማሪውን ብዛት ለማስታወስ ነው። የቆሎ ተማሪ የሚያድርበት ጎጆ ሣር ክዳን፣ በሩ አጎንብሰው የሚገቡበት፣ መስኮት የሌለው ነው። ምግቡ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ የሚያገኘው ቁራሽ ነው፤ ሲደርቅም ኮቾሮውን ይበላል። ሌሊት ደግሞ ጎጆ ውስጥ ሆኖ ዜማውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀጽላል፤ በዜማ ጊዜ የሚወጣው ትንፋሽ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ሰው ትንፋሽ እጅግ የበዛ ጠብታ ይዞ ይወጣል። ከዘመናዊ ትምህርት ቤት የሚለየው ሌላው ነገር ዝውውሩ ነው፤ ተማሪው የአንዱን መምህር ትምህርት ሲጨርስ ወይም የሌላውን ዝና ሲሰማ አኩፋዳውን አንሥቶ ይሄዳል፣ ማን እንደሄደና ወዴት እንደሄደ የሚጻፍበት መዝገብ ብዙ ቦታ የለም። መድኃኒት የጀመረ ልጅ በሦስተኛው ወር ሲጠፋብን የምንጠይቀው ሰው የኔታን ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ በአብነት ትምህርት ቤት አንድ የተሻለ ነገር አይቻለሁ፤ የኔታ የተናገሩት ይፈጸማል። አንድ የቅኔ መምህር ስለ በሽታው መተላለፊያ ካስረዳኋቸው በኋላ፣ የሚያስል ተማሪ ተመርምሮ እስኪለይለት ለብቻው እንዲያድር፣ ቆጠራውም ሆነ ነገራው (ቅኔ ማዘጋጀቱም ሆነ ለመምህሩ ማሰማቱ) አየሩ ደኅና በሆነበት ጊዜ ሁሉ ከዛፍ ሥር እንዲሆን አዘዙ፤ በማግስቱ ትእዛዛቸው ተፈጽሞ አገኘሁት። በመንግሥት ትምህርት ቤት ይህንኑ ለማስፈጸም ስብሰባ፣ ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ ያስፈልገኝ ነበር።

ተማሪዎች ዘግይተው የሚመጡበት ምክንያት ብዙ ነው። መጀመሪያ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ማርና ፌጦ ይሞከራል፤ ቀጥሎ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ይገዛል፤ ለጊዜው የቀለለ ሲመስል ይተዋል። ክብደቱ ሲቀንስ «ጥናት ነው ያከሳው» ይባላል፤ ሌሊት ሲያልበው ከጓደኛው ጋር ተጠጋግቶ ከመተኛት የመጣ ይመስለዋል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ማታ ማታ የሚመጣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና ክሳት ከታየ ግን አክታ ማስመርመር ይገባል፤ ደም እስኪታይ መጠበቅ እጅግ መዘግየት ነው። ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ ሲመረመር ውጤቱ በሁለት ሰዓት ገደማ ይታወቃል፣ ተህዋሲው ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑንም አብሮ ይናገራል። በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ መድኃኒት የሚሰጠው በነፃ ነው። ይህንን የማያውቅ ተማሪ ገንዘብ እስኪላክለት ሲጠብቅ ወር ያልፈዋል።

አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳያስል ይታመማል። በአገራችን ከቲቢ ሕሙማን መካከል ሲሶ ያህሉ በሽታው ከሳንባ ውጭ የሚገኝባቸው ናቸው፤ በወጣቶች ላይ አዘውትሮ የማየው የአንገት ንፍፊት ነው። ይህ ዓይነቱ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ነገር ግን ንፍፊቱን በእሳት ለማስተኮስ ወይም በሥር ለማፍረጥ ሲሉ ጠባሳ ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ። ያልፈላ ወተት መጠጣትም የከብቱን ቲቢ ወደ ሰው ሊያመጣ እንደሚችል ከብት አርቢ ቤተሰቦች ማወቅ አለባቸው።

የመፍራቱም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ተማሪው የሚፈራው በሽታውን ብቻ አይደለም፤ አከራዩ ሰምቶ ክፍሉን እንዳያስለቅቀው፣ ጓደኞቹ እንዳይሸሹት፣ ሰው ኤችአይቪ አለበት ብሎ እንዳያስብ ይፈራል። ሴት ተማሪዎች ላይ ይህ ይበረታል፤ ቤት ያከራዩአቸው እናት ሲሰሙ ምን እንደሚሉ፣ ወሬው አገር ቤት ሲደርስ ምን እንደሚባል ያስጨንቃቸዋል። አስራ ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅ ደግሞ ከፈተናው እንዳይቀር ሕመሙን ይደብቃል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ፈተና በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ስለሚሰጥ፣ የደበቀው ልጅ ሳሉን ይዞ ከማያውቃቸው ተማሪዎች ጋር ለቀናት በአንድ ዶርም ያድራል።

ትምህርት ቤቶቻችን ስለ ቲቢ አይናገሩም ማለት ስሕተት ይሆናል። መጋቢት 15 ቀን የዓለም የቲቢ ቀን ሲደርስ ሚኒ ሚዲያው ያውጃል፣ የጤና ክበቡ ጥያቄና መልስ ያዘጋጃል፤ «ተህዋሲውን ያገኘው ሳይንቲስት ማን ነው?» ሲባል ልጆቹ «ሮበርት ኮክ፣ እ.ኤ.አ. በ1882» ብለው ይመልሳሉ፣ ይጨበጨባል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 10.8 ሚሊዮን ሰዎች በቲቢ እንደታመሙና 1.25 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ፣ ኢትዮጵያም በሽታው ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ እንደሆነች ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። እኔ ግን ክበቡ ያንን ቀን የኪራይ ክፍሎችን እየዞረ ቢያሳልፈው እመርጣለሁ። የክፍል ኃላፊ መምህሩ በመስከረም ተማሪዎቹን ሲመዘግብ ማን ከማን ጋር ተዳብሎ እንደሚኖር በአንድ ገጽ ላይ ቢጽፍ፣ ያ ገጽ ለእኔ ከማንኛውም ፖስተር ይበልጥብኛል።

ምክንያቱም አንድ ሕመምተኛ ሲገኝ ቀጣዩ ሥራ አብረውት ያደሩትን መፈለግ ነው። አብረውት ያደሩት ሁሉ ይመረመራሉ፤ በሽታው የተገኘበት ይታከማል፣ ያልተገኘበት ደግሞ እንደ ሁኔታው መከላከያ መድኃኒት ይሰጠዋል። ከዚህ በፊት መከላከያው በየቀኑ ለስድስት ወር የሚዋጥ አይሶናያዚድ ነበር፤ አሁን አይሶናያዚድና ሪፋፔንቲንን አንድ ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት የሚወሰድበት አጭር መንገድ አለ። ለተማሪ የሚስማማው ይህ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ መድኃኒቱንም ወስዶ ይመለሳል። ችግሩ የታመመው ልጅ አብረውት የሚያድሩትን ጓደኞቹን ስም አለመናገሩ ነው፤ «ብቻዬን ነው የማድረው» ይለኛል። ስለዚህ አስቀድሜ አከራዩ እንደማይነገረው አረጋግጥለታለሁ፣ ትክክለኛውን መድኃኒት በአግባቡ ከጀመረ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የማስተላለፍ ዕድሉ እጅግ እንደሚቀንስ አስረዳዋለሁ፤ ያኔ ስሞቹ መምጣት ይጀምራሉ። ጓደኞቹም ብርጭቆውንና ሳህኑን መለየት እንደማያስፈልጋቸው ይነገራቸዋል። ይልቁንም በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ማስክ ቢያደርግና ለብቻው ቢያድር ይጠቅማል።

ሕክምናው ስድስት ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት መድኃኒቶች፣ በቀሩት አራት ወራት ሁለቱ ይወሰዳሉ። የመጀመሪያው ድንጋጤ በማግስቱ ይመጣል፤ «ሲስተር፣ ሽንቴ ደም መሰለ!» እያለ የሚሮጥ ልጅ እንዳይኖር፣ ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ እንደሚያደርግ አስቀድሞ መንገር ይገባል። አረቄም ሆነ ሌላ አልኮል ጉበትን ስለሚጎዳ መተው አለበት። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ተማሪ ካለች ሪፋምፒሲን የእንክብሉን ኃይል እንደሚቀንሰው ልትነገር ይገባታል፤ ይህንን ብዙ ባለሙያ አፍሮ ይዘለዋል። የየዕለቱ መድኃኒት ክትትል ከትምህርት ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ ደግሞ መምህሩ፣ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም አብሮት የሚያድር ጓደኛው ደጋፊ ሆኖ ሊመደብለት ይችላል። በዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎች የግቢው ክሊኒክ ቅርብ ስለሆነላቸው ይቀላቸዋል፤ የማዝነው መድኃኒት እንደጀመሩ ተስፋ ቆርጠው ዊዝድሮው (የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ሞልተው አገራቸው በሚገቡት ነው፤ አብዛኞቹ ጥቂት ሳምንት አርፈው ትምህርታቸውን መቀጠል ይችሉ ነበርና።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የስድስቱ ወርና የትምህርት ዘመኑ አለመገጣጠም ነው። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የጀመረ ልጅ አራቱን መድኃኒት ግንቦት መጨረሻ ይጨርሳል፤ በዚያን ጊዜ ሳሉ ቆሟል፣ ፊቱ ወዝቷል፣ ራሱን የዳነ ያህል ይቆጥራል። ሰኔ ላይ ትምህርት ይዘጋል። ሐምሌና ነሐሴ ወደ አገሩ ይገባል፤ ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ አረሙም እጁን ይፈልጋል። ባለፉት ዓመታት በክልሉ በተከሠተው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋባቸውና ትምህርት ቤት የማይከፈትባቸው ጊዜያት ሲጨመሩበት፣ የሚቋረጠው መድኃኒት ይበዛል፤ እየተቋረጠ የሚወሰድ መድኃኒት ደግሞ ተህዋሲውን መድኃኒት እንዲላመድ ያደርገዋል። ስለዚህ ከግንቦት ጀምሮ በመዝገቡ ላይ ያሉትን ተማሪዎች አንድ በአንድ እየጠራሁ ክረምቱን የት እንደሚከርሙ እጠይቃለሁ። የዝውውር ቅጹን ሞልቼ ከቀበሌው አቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ እልከዋለሁ፣ ኔትወርክ ካለ እደውላለሁ፤ የሚያሰጋኝ ከሆነም የመንገዱን መድኃኒት ጨምሬ እሰጠዋለሁ።

የሳንባ ቲቢ ያለበት ሕመምተኛ በሁለተኛው፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር መጨረሻ አክታው ይመረመራል። ሚያዝያ ላይ ለጀመረው ልጅ የአምስተኛው ወር ምርመራ ነሐሴ ላይ፣ በአገር ቤቱ ይውላል፤ የመጨረሻው ደግሞ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ አዲስ ክፍል ለመከራየትና ለመመዝገብ በሚሯሯጥበት ሰሞን። መድኃኒቱን ሳያጓድል ወስዶ የመጨረሻውን አክታ ሳይሰጥ የቀረ ልጅ በመዝገባችን ላይ «ሕክምናውን የጨረሰ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ «የዳነ» አይባልም። መስከረም ላይ የሚመዘግቡ መምህራን እነዚህን ልጆች ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩልን ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግረናል፤ አክታ የሚቀበለው ላቦራቶሪ ጠዋት ጠዋት ክፍት ስለሆነ፣ የጠዋት ፈረቃ ላላቸው ለአንድ ቀን ፈቃድ እንዲሰጣቸውም ተስማምተናል።